ከኋላ የሚቆም ሰው

ሰማንያ ኪሎው ደረቴ ላይ ተጋድሞ አልነሳ ብሏል። መጀመሪያ ስገፋው አንድ ስንዝር ተነስቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ስገፋው ያንንም አልደረሰ። አሁን አግዳሚው ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ብረቱ በፈቀደልኝ መጠን እየተነፈስኩ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ብቻውን ብረት የሚገፋ ሰው የብረቱን ጫፎች አይቆልፍም። ካቃተው ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል፣ ክብደቶቹ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ይዘረገፋሉ፣ እሱም ይተርፋል። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከጥቅምት ወዲህም ሳልቆልፍ ነው የምገፋው። ዛሬ ግን እጄ በልማዱ ሄዶ ሁለቱንም ጫፍ ጥርቅም አድርጎ ቆለፈው፤ ኡርሆ ከራስጌዬ የቆመ ይመስል።

ኡርሆ የሞተው በጥቅምት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና አርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ካያኒ ከተማ ውስጥ፣ በዚሁ የስፖርት ማዘውተሪያ ምድር ቤት ተገናኝተናል። እኔ ስገፋ እሱ ከኋላ ይቆማል፤ እሱ ሲገፋ እኔ። ወሬ የሚባል ነገር አልነበረንም። “ስንት?” ይለኛል። “ስምንት” እለዋለሁ። ስምንተኛው ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለት ጣቱን ከብረቱ ሥር ሰደድ ያደርግና “ያንተ ነው፣ ያንተ ነው፣ እኔ አልነካሁትም” ይላል። ውሸታም። ቀብሩ ላይ ሚስቱ “ለመሆኑ ምን ምን ታወሩ ነበር?” ብትለኝ “ቁጥር ብቻ” አልኳት። ናፍቆኛል፤ እንዲህ የሚናፍቀኝ አልመሰለኝም ነበር።

ትከሻዬን ያከመችኝ ልጅ ሦስት ነገር አዝዛኝ ነበር። ሰውነትዎን ያሙቁ፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፣ ብቻዎን ግን አይግፉ። ሩብ ሰዓት ብስክሌት ነዳሁ። ትከሻዬን በላስቲክ አፍታታሁ። መጀመሪያ ባዶውን ብረት፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ ስድሳ ገፋሁ። ሦስተኛውን ትእዛዝ ከየት ላምጣው?

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ አንዲት ሴት አለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥግ ያለውን ብስክሌት ትነዳለች። ከታኅሣሥ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ እንተያያለን፤ ሰላም ተባብለን ግን አናውቅም።

አንገቴን አዙሬ አየኋት። አየችኝ። ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ በሚታገል ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ ሰው ሲቸገር እንዳላዩ መሆን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ ግድግዳ ነበር የማየው።

እንግዲህ መጥራት ሊኖርብኝ ነው። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ማንንም እርዱኝ ብዬ አላውቅም። ብረቱን ወደ ሆዴ ባንከባልለውስ? ጎኔ ቢሰበር ይጠገናል፣ ሴትዮዋንም አላስቸግርም። እውነቴን ነው፣ ይህን አሰብኩ። ይህን ሳስብ የእጄ አንጓ ከዳኝና ብረቱ ወደ አንገቴ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራተተ።

“እባክዎ” ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። የወጣው ነገር ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ እንጂ የሰው ድምፅ አይመስልም። ሴትዮዋ ግን ከብስክሌቱ ዘላ ወረደች፤ ሮጣ መጥታ ብረቱን በሁለት እጇ አነቀችው። እኔም የቀረችኝን ጉልበት ጨመርኩ። ተጋግዘን መስቀያው ላይ አሳረፍነው።

ቁጭ አልኩ። አየሩ ሲገባ ደረቴን ያመኛል።

“ቀደም ብለው አይጠሩኝም ነበር?” አለች።

“አይተውኝ የለም እንዴ?”

“አየሁዎት። ጣልቃ አልግባ ብዬ ነዋ። ፊትዎ ሲቀላ፣ ሁልጊዜም እንዲህ የሚያደርግዎት መሰለኝ።”

“ሁልጊዜ እንዲህ ቢያደርገኝማ እስካሁን ተቀብሬ ነበር።”

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፈረች። ዞር ብላ ብረቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። “ቆልፈውታል! ብቻዎን ሆነው ይቆለፋል?”

“ብቻዬን መሆኔን ረስቼ ነው።”

የምትቀመጥበትን እንደፈለገች ሁሉ ወዲያና ወዲህ አየች፤ ግን አልተቀመጠችም።

“ድምፅዎ ግን በጣም ተዘግቷል” አለች። “ጉንፋን ነው?”

ልመልስላት ስል ቆም አልኩ። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተናገርኩት? ትናንት ሰው አላገኘሁም። እሑድም አላገኘሁም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ነበር፤ ሂሳቡን የተቀበለኝ ግን ማሽኑ ነው። አርብ ዕለት እዚሁ ነበርኩ፣ እሷም እዚያው ብስክሌቷ ላይ ነበረች። ሐሙስ ልጄ መልእክት ላከልኝ፤ እኔም በመልእክት መለስኩለት። ረቡዕ ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት።

“አዎ” አልኳት። “ጉንፋን ነው።”