ዝቅ አድርገው

«ይኸው! ይቺን ስሟት» አለ ድምፅ ቀራጩ፣ ጣቱን ቀስሮ።

ስፒከሩ ያገሳል። ጊታር ነው ይሉታል እንጂ፣ ከልብስ ሰፊዋ እህት ጆሮ የሚደርሰው ቆርቆሮ አስፋልት ላይ ሲጎተት ነው። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት ከባንዱ ጋር ሮክ ሲጫወት ኖሮ፣ ከሸበተ በኋላ እዚህ ክፍል ተዘግቶ ብቻውን በአንድ ሳምንት የቀዳው አልበም ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊያሰማቸው እሷን፣ ድምፅ ቀራጩንና የባንዱን ድራመር ሰበሰባቸው። እሷ የመጣችው ጎረቤት ሳይከሳቸው ጉዱን ልስማው ብላ ነው።

ከስፒከሩ ጩኸት መሃል የግድግዳ ኳኳታ ተሰማ። ወዲያው ጊታሩ ዝቅ አለ፤ የተቆጡት ልጅ ይመስል።

«ይቺ ኳኳታ ሰባት ቦታ አለች» አለ ድምፅ ቀራጩ። «ከውጭ የገባች ናት። አንድ በአንድ ላጥፋትና ዛሬውኑ ለአሳታሚው እንላከው።»

«ካጠፋህ አይቀር ሁሉንም ጠራርገው» አለ የባንዱ ድራመር። «እኔ ድራም ስደበድብ አረጀሁ፤ ድስት ከደረጃ ሲንከባለል ቀድቼ ግን አልበም ነው ብዬ አላውቅም።»

«አንተ ድስቱንም ቢሆን ምቱን ትስታለህ» አለ ወንድሟ። ተሳሳቁ።

ድራመሩ ሳቁን ቶሎ ዋጠው። «ግን እውነቱን ልንገርህ፤ የሰጠኸኝን ቅጂ ለሚስቴ አሰማኋት። ጩኸቱን ቻለችው። ዝቅ ሲል ነው ብድግ ብላ በሩን ያየችው። ‹ማነው የገባው?› አለችኝ።»

ድምፅ ቀራጩ አንገቱን አከከ። «እኔም ያሰማኋቸው ሰዎች እንደዚያው ናቸው። ዝቅ ሲል ይዞራሉ።»

«ምን ያዞራቸዋል? የእሷ ጣጣ ነው!» ወንድሟ ወደ እሷ በአገጩ ጠቆመ። «ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳውን እየደበደበች አላስቀዳ አለችኝ። እኔም እሺ እህት ዓለም እያልኩ ቀነስኩላት። አጥፋው በቃ።»

ሐሰት አልተናገረም፤ ልማዷ ነው። ከግድግዳው ማዶ የስፌት ክፍሉ ነው። እናታቸው በሕይወት ሳለች፣ ልጇ ጊታሩን ሲያስጮህባት፣ መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ በምታጠልቃት የብረት ቆብ ግድግዳውን ትመታ ነበር። ዝቅ አድርገው ማለቷ ነው። እናት ስትሞት የስፌት መኪናውም፣ ቆቧም፣ ማንኳኳቱም ለልብስ ሰፊዋ ልጇ ወረደ። አሥራ ሁለት ዓመት መትታለች። ነገም ትመታለች።

«የትኛው ሳምንት ነው የቀዳኸው?» አለች።

«ታናሻችን የወለደች ሰሞን ነዋ። ምነው፣ ልትክጂ ነው?»

«ታናሻችን ስትወልድ እኔ የት ነበርኩ?»

ወንድሟ ወደ ስፌት ክፍሉ ግድግዳ ዞረ።

«እሷ ዘንድ ነበርኩ፣ አራስ ቤት። እዚህ በር ላይ ቆሜ ‹ሄድኩ› ስልህ፣ ጆሮህን በዚያ ማዳመጫ ደፍነህ ራስህን ነቀነቅክልኝ። የስፌት ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ነው የሄድኩት። ቆቧም ከጣቴ አልወለቀችም።»

«ቀልዱን ተዉት» አለ ድራመሩ። የቀለደ ግን አልነበረም።

«መልሰው» አለችው ድምፅ ቀራጩን።

መለሰው። ጩኸቱን ትታ ኳኳታውን ብቻ ጠበቀች። መጣ። ሁለት። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝምታ። ከዚያ አንድ።

«እኔ ችኩል ነኝ፤ ሦስቱን በአንድ ላይ ነው የማወርዳቸው» አለች። «ሁለቴ መትታ፣ ልጄ ሰምቶኝ ይሆን ብላ አዳምጣ፣ አንድ የምትጨምረው ማን ነበረች? ንገረኛ ወንድሜ።»

የወንድሟ ከንፈር ሁለት፣ አንድ፣ እያለ ቆጠረ።

ድምፅ ቀራጩ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንግዲያውማ አሁኑኑ ትጥፋ! እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ጆሮ አይለቀቅም» ብሎ እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው።

አንጓውን ያዘችው። ዕድሜ ልኩን መቀስ የጨበጠ እጅ ነው፣ አያላውስም።

«ንካትና ጣትህን እዚሁ ትተሃት ትሄዳለህ» አለችው። «ፎቶዋ አለን። ድምጿ ግን የለንም። አንዲት ቃሏን እንኳ የቀዳ ልጅ አልወለደችም፤ ሙዚቀኛ ልጅ እያላት! አሁን ሰባት ቦታ መጣችልኝ፤ አንተ ደግሞ ቆሻሻ ናት ብለህ ትጠርጋታለህ?»

እጁን ሰበሰበ።

ቆቧን ከጣቷ አወለቀችና ሁሉም እንዲያያት ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠቻት። ከዚያ ያቺ፣ ዝቅ አድርገው ስትል የኖረች ሴት፣ ወደ ስፒከሩ የድምፅ ማዞሪያ ተንጠራርታ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ድራመሩ ጆሮውን ይዞ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» ሲል ጮኸ ወንድሟ።

«ትቆጣ» አለች። መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ ጠበቀች። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

ከዚያ ከመዳፏ ሥር መጣ። ሁለት።

ትንፋሿን ዋጠች። ማዶ ያለችውም እያዳመጠች ነበር።

ከኋላዋ፣ ጸጉረ ነጩ ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝቅ ሊያደርገው እጁን ወደ ማዞሪያው ይሰዳል።