ለሙሉሃብት የመጣ ስንቅ

ጥሩሰው ቀኑን ሊሳሳት ይችላል፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እርግጠኛ አይደለም። ዓመቱ ግን 1996 ነው። በላስታ አንዲት ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ የእስረኞች መዝገብ ያዥ ነበር።

ሙሉሃብት ጋሸና ገበያ ላይ አረጋ የሚባል ሰው በፋስ ገድሎ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ጣቢያው ለእስረኛ ቀለብ የለውም፤ ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ነው። የሙሉሃብት ዘመዶች ደግሞ ደም መላሽ ፈርተው አገር ለቀዋል። ሰባቱን ቀን ከሌሎች እስረኞች ትራፊ በቀር አልቀመሰም።

በስምንተኛው ቀን ጥቁር የለበሱ አሮጊት አገልግል ይዘው መጡለት፤ ከብልባላ፣ በእግራቸው።

ጥሩሰው ስማቸውን ጠይቆ ይማርሽ ዓለሙ ብሎ ጻፈ። «ዝምድና» የሚለውን ግን ሳይጠይቅ ሞላው፦ እናት። ለነፍሰ ገዳይ ይህን ሁሉ መንገድ ሌላ ማን ይሄዳል?

የጣቢያው አስር አለቃ ደሳለ ምላጭ ፍለጋ ከአገልግሉ ያወጣውን ዳቦ አራት ቦታ ቆረሰው። ከሰብአዊ መብት ሥልጠና ያመጣውን ኮፍያ ዛሬም አላወለቀም።

«ቅመሺው» አላቸው። ቀመሱ።

«ልጅሽን ያኔ ብትመክሪው ኖሮ ዛሬ ዳቦ አትሸከሚም ነበር።»

የአገልግሉን ማሰሪያ መጠቅለል ጀመሩ።

«ጥቁሩስ ምንድን ነው? ገና ሳይፈረድበት ለቅሶ ተቀመጥሽ? ቸኮልሽ።»

«አልቸኮልኩም፣ ጌታው።»

ደሳለ ወደ ጥሩሰው ዞረ። «ስንቅ አይገባለትም። ይራብ።»

«አስር አለቃ፣ እስረኛም እኮ መብት...»

«መብት የሰው ነው። ሰው በፋስ የከተፈ መብቱን እዚያው ጋሸና ጥሎት ነው የመጣ። ወይስ ኮፍያዬን ላውሰው?»

ዘበኞቹ ሳቁ። ጥሩሰው እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ገጠመው።

«እማማ፣ የምነግርልዎ መልእክት አለ?»

«ይብላ በለው፣ ልጄ። ዳኛ ፊት በእግሩ ቆሞ ይድረስ። ሌላ የለኝም።»

ጥሩሰው የተቆራረሰውን ዳቦ ሰብስቦ በደሳለ አጠገብ አልፎ አስገባው። መዝገቡ ላይም አሰፈረው፤ ደሳለ የሚፈራው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው።

«እናትና ልጅ» አለ ደሳለ ከኋላው፤ «አንድ ዘር። የሰው ደም አይከብዳቸውም።»

አሮጊቷ እስረኛውን ልየው አላሉም። ባዶ አገልግላቸውን አንስተው ሄዱ።

በወሩ የክሱ ፋይል መጣ። ጥሩሰው እንደ ልማዱ ስሞቹን ከመዝገቡ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከረ።

የሟች አረጋ ወላጅ እናት፦ ወይዘሮ ይማርሽ ዓለሙ፣ ብልባላ።