ዝም ያለው ፌስታል

አለቃዋ የነበሩት ሰው ቤታቸው ተቀምጠው ፌስታሉን ጭብጥ አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኬሚስቷ ጠጋ ብላ ጠበቀች። እጃቸው ተጨበጠ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ተጨበጠ።

"ዝም ብሏል" አሉ። "ዝም ነው ያለው፣ የኔ ልጅ።"

ይህችን ቃል ስንት ዘመን ጠበቀቻት! ገና ከትምህርት እንደወጣች ተቀብለው ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሥራቸውም አንድ ነበር፤ አፈር ሲገባ የሚበሰብስ ፌስታል መሥራት። ከበቆሎ የሚወጣው ፕላስቲክ መበስበሱንስ ይበሰብሳል፤ ግን ግትር ነው። ትንሽ ሲጫኑት ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ደግሞ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ለስላሳ የሆነ ሌላ ፖሊመር ይቀላቅሉበታል። ሁለቱ ደግሞ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ አብረው ቀልጠው እንኳ አይዋሃዱም። የሚያስማማቸው ሦስተኛ ነገር ጠብ ይደረግባቸዋል፤ በላቦራቶሪው ቋንቋ "አስታራቂው" ይባላል። አስታራቂው ሲያንስ ፌስታሉ ይሰነጠቃል፣ ሲበዛ አልበሰብስም ይላል። ልኩን ሲፈልጉ የአለቃዋ ፀጉር ሸበተ፤ ልኩ ሳይገኝ ጡረታቸው ደረሰ።

መለኪያ መሣሪያው ሞልቶ ተርፎ፣ እሳቸው የሚያምኑት ጆሯቸውን ነበር። ከማሽን የወጣውን ስስ ፕላስቲክ ጆሯቸው ስር ጨምድደው "ይጮሃል፤ ገና አልታረቁም" ይላሉ። ሠራተኛው "ጆሮ ጠቢው" የሚል ስም አወጣላቸው። ሰምተው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም፤ የምሰልለው ፌስታል ነው፣ እናንተ ምን አስፈራችሁ አሉ።

አንድ ሕግም ነበራቸው፤ ሳይቀበር አይወራም። የተሠራው ፌስታል ከላቦራቶሪው ጓሮ ተቀብሮ፣ መበስበሱ በዓይን ሳይታይ "ተሳካ" ማለት እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ራሳቸው አንዴ ቸኩለው ላገር ለምድሩ አውርተው፣ ያወሩለት ፌስታል ሲቆፈር እንደ አዲስ ሆኖ ወጥቶ አሳፍሯቸዋል። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ኬሚስቷ ሕጉን ጠበቀች። ልኩን አግኝታ ፌስታሉ ዝም ያለው ግን አምና ነው። በዚያው ሰሞን ደውለው "እንዴት ሆነ?" ሲሏት በእጇ ይዛው ነበር። ስልኩ አጠገብ ጨምደድ ብታደርገው፣ ምንም ካለመስማታቸው ነገሩ ይገባቸው ነበር። "ገና ነው፣ ጋሼ" አለቻቸው። በርቺ ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። ተቀይመውኝ ይሆናል እያለች ከረመች፤ ሥራው ሲያልቅ እክሳቸዋለሁ ብላ ራሷን ደለለች።

አሁን ከዚሁ ፌስታል ተቆርጦ የተቀበረው በስብሷል። ይህንን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት፣ ጓዳ ውስጥ ትሪ ከነብርጭቆው ወደቀ። ኬሚስቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አለቃዋ ፌስታሉን እያዩ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። ዓይናቸው እንኳ ወደ ጓዳው ዞር አላለም።

ሚስታቸው መጥረጊያ እንደያዙ በበሩ ብቅ አሉ። የኬሚስቷን ፊት ሲያዩ የሆነው ሁሉ ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

"ከታመመ ወዲህ ነው" አሉ። "ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ጆሮውን ግን ይዞት ሄደ። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ከንፈርሽን እያየ ነው የሚመልስልሽ።"

"መቼ ነው የታመሙት፣ እትዬ?"

"በጋው ሲገባ።"

በጋው ሲገባ ፌስታሉ አፈር ውስጥ ነበር። ከመቅበሯ በፊት አንድ ቀን ብቅ ብትል ኖሮ በደህና ጆሯቸው ይሰሙት ነበር። ቤታቸው ደግሞ መንገዷ ላይ ነው፤ ጠዋት ማታ በበራቸው ታልፋለች። ጸጸቱ አንገበገባት። ሕግ አክባሪነቴን እሳት ይብላው አለች በሆዷ።

አለቃዋ ሁለቱ ሴቶች ስለምን እንደሚያወሩ ከፊታቸው አነበቡ። ፈገግታቸው ደብዘዝ አለ። ከመሳቢያ አንድ የቆየ ቁራጭ አወጡ፤ ጡረታ ሲወጡ ለማስታወሻ የወሰዱት፣ የመጨረሻው ያልተሳካ ሙከራቸው ነው። አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ጆሯቸው ስር አድርገው እኩል ጨመደዱ። የአሮጌው ጩኸት ክፍሉን ሞላው።

"ሁለቱም ዝም ብለዋል" አሉ፣ እንደ ቀልድ። የሳቀ የለም።

ኬሚስቷ ከንፈሯ እንዲታያቸው ቀና አለች። "ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። አምና ነበር ማምጣት የነበረብኝ።"

"በስብሷል ወይ?"

"በስብሷል።"

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ምነው አፌን በቆረጠው።"

ከዚያ አሮጌውን ቁራጭ ወለሉ ላይ ጣሉት። ወንበራቸውን አስጠግተው፣ አዲሱን ፌስታል በጭብጣቸው እንደያዙ ጆሮዋ ስር አደረጉላት።

"በይ አንቺ ስሚልኝ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቻቸው ጉንጯን እየነኩ ሲጨበጡና ሲፈቱ ታወቃት፤ ፌስታሉ ግን ትንፍሽ አላለም።