ሚካኤል ሳይነግሥ የወጣች ጀልባ

«ተዉ! አትንቀሉት!»

የብርጓል ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ዳር እየሮጠች ወረደች። ጭቃው አንድ ጫማዋን ሲያስቀርባት ወደ ኋላ አልተመለሰችም። ባሏ አካሉና ልጇ ክንዱ ጀልባዋን ግንድ ላይ ደፍተው፣ በሳንቃዎቿ መጋጠሚያ ተጠቅጥቆ የከረመውን ጨርቅና ቅጥራን በብረት እየፈለቀቁ ያወጡ ነበር።

ክንዱ የጠቆረ እጁን አንሥቶ አሳያት። «ደረስሽ እማዬ? በይ እልል በይ፤ ጠላትሽ ተማርካለች። እስከ መስከረም ንቅንቅ አትልም።»

ማለዳ ማገዶ በታንኳ ከደቅ ደሴት አምጥተው የሸጡት ሽማግሌ፣ አያ አለበል፣ ከዋርካው ሥር ሆነው ተቀበሉት። «እንዲህ እንደ ታረደ በሬ አጋድማችኋት፣ ሚካኤል ለበዓሉ በምን ሊሻገር ነው? በዋና?»

አካሉ ሊስቅ ሲል የሚስቱን ፊት አየና ብረቱን ጣለው። «ምን ሆነሻል?»

«የቀበሌው የጽሕፈት መኪና ተሰብሮ ዝርዝሩን እኔ ቢሮ ላኩት» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የብሔራዊ ውትድርናውን። ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ...»

ልጇን አየችው እንጂ አልጨረሰችውም። ክንዱ አካሉ፣ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት፤ በገዛ ጣቶቿ ነው የመታችው። ዝርዝሩን ያመጣው ሰው ከኋላዋ ቆሞ መስመር በመስመር ያመሳክር ነበርና አንድ ስም እንኳ መዝለል አልቻለችም።

«መቼ ነው?» አለ አካሉ።

«ዛሬ ማታ። ቤት ለቤት።»

የክንዱ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ደቅ፣ ወንድምህ መሪጌታ ዘንድ አድርሰው» አለች። «መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ደበሎ ካለበሱት ማን ይለየዋል? በመኪና ሌላ አገር እንዳይሄድ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው። ገልብጧትና ውኃ ላይ አውርዷት። አሁኑኑ!»

አካሉ ጎንበስ ብሎ በጀልባዋ ሥር ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ እሷም ጎንበስ አለች። የከሰዓቱ ብርሃን በየሳንቃው መሐል እየሰነጠቀ ይገባል።

«አሁን ጀምሬ ብጠቀጥቃት እንኳ ቅጥራኑ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል» አለ በመጨረሻ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በዚህ ዳርቻ ጀልባ ለክረምት ከውኃ የሚወጣው የሰኔ ሚካኤል ከነገሠ፣ ምእመኑንም ወደ ደሴቶቹ አመላልሶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ገና ሰኔ ዘጠኝ ነው። ዘንድሮ ግን የብርጓል የመጀመሪያውን ነጎድጓድ ከሰማች ወዲህ ባሏን እንቅልፍ ነሥታዋለች። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ባሏንና ልጇን ከሐይቁ በመረብ ሲያወጧቸው ይታያታል። «ሚካኤል ሌላ ጀልባ አያጣም፤ እኔ ግን ሌላ ልጅ የለኝም» ስትለው ነው ትናንት አካሉ ተረትቶ ጀልባዋን ያወጣት። እሷም በዚያች ሌሊት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

አያ አለበል ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። «የደከመው ዓይኔ ነው እንጅ ጆሮዬ አይደለም፤ ሰማሁ። ልጁን እኔ ልውሰደው። ዛሬ ዘጌ እናድራለን፣ ነገ ደቅ።»

የብርጓል ዋርካው ላይ አስደግፈው ውኃዋን እንድታንጠፈጥፍ ያቆሟትን ታንኳ አየች። «አያ አለበል፣ ይቺ እኮ የደንገል ሣር እስር ናት! ደመናውን አያዩትም?»

«በደንገል ስመላለስ ስድሳ ዓመት ሞላኝ፣ ልጄ። ክፉ ቀን መጥቶ ብትገለበጥም ደንገል ይንሳፈፋል፤ ይዘናት እንንሳፈፋለን። የባልሽ ጀልባ ናት ሞተሯን አቅፋ የምትወርድ።»

አካሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ተናገሪ። ከአፍሽ ሳልሰማ አልሰደውም።»

ዕድሜዋን ሙሉ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሷ አንድ ነበር። ያው ቃል ምላሷ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«ይሂድ» አለች።

አካሉ ካፖርቱን አውልቆ ለልጁ አለበሰው። ታንኳዋን ለሁለት ተሸክመው ውኃው ላይ አኖሯት። አያ አለበል ክንዱን ከኋላቸው አስቀምጠው መቅዘፊያቸውን አነሡ።

«እግርህን ዘርግተህ ቀጥ በል። ዘወር ያልህ እንደሆነ ሚዛኗ ይሄዳል፤ አብረን እንገባለን።»

«ሰማህ ክንዱ? እንዳትዞር» አለች የብርጓል። እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታለች። «ካፖርቱን ቆልፍ። ነፋስ ሲነሣ በሁለት እጅህ ያዝ። መሪጌታን አታስቸግር። እንዳትዞር፣ እሺ?»

«እሺ እማዬ።»

ታንኳዋ ተንሸራታ ሄደች። ዐሥር ክንድ፣ ሃያ ክንድ ያህል ስትርቅ የብርጓል እጆቿን አየች፤ አሁንም የሆነ ነገር ለመያዝ እንደ ተዘረጉ ናቸው። ስትመክር፣ ስታስጠነቅቅ፣ ልጇን ሳትስመው ቀረች።

«ክንዱ!»

ስሙ ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጠው። የልጇ ጀርባ ቀጥ አለ። አንገቱ ትንሽ ዘንበል አለ፤ መስማቱን አወቀች። ከዚያ ሁለት እጆቹ የታንኳዋን ጠርዝ ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርገው ያዙ፤ ፊቱን ወደ ዘጌ እንደ ሰጠ፣ እንደ ታዘዘው፣ ሳይዞር እያነሰ ሄደ።