የደነዘዘው ምላጭ

«አንዴ ከወለድሽ ይሄ በሽታ ለቀቀሽ ማለት ነው። ሴት በልጅ ትድናለች፤ እኔን አታዪም?»

አማቷ ይህን ያሏት አራስ ሳለች ነበር። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። በሽታው ግን የትም አልሄደም። የወር አበባዋ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። አገጯ ላይ የሚበቅለውን ጠጉር በወረንጦ እየነቀለች ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ትሄዳለች።

ሰሞኑን ግን ዕረፍት አጣች። ሐኪሙ «ይሄ የእንቁላል ከረጢት ችግር ከወሊድ በኋላም አይተውም፤ ዕድሜ ሲገፋ ስኳርና ደም ግፊት ያስከትላል፤ ተመርመሪ» ብሏታል። ክር መርፌ አልገባ ሲላት «ስኳሩ ዓይኔንም ያዘኝ» ትላለች። ጥማት የስኳር ምልክት ነው ሲባል ሰምታ፣ ውሃ ልትጠጣ በተነሳች ቁጥር ትደነግጣለች። የውሃውን ጆግ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀድሟት ጎድሎ ነው የምታገኘው።

በዚህ ላይ የምላጩ ነገር መጣ። ባሏ አንድ ጠዋት ሲላጭ ጉንጩን ቆርጦ ወጣ።

«ይሄን ምላጭ ማነው የሚያደነዝዘው?»

አማቷ ከአንገታቸው የማይለየውን ሻርፕ ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው ሳቁ። «በአንድ ቤት ሁለት ባል ካለ ምላጭ ምን ይበጀዋል?»

«እማዬ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ? ሂጂ ወዲያ!»

ከዚያ ወዲህ ባሏ ሲያናግራት ዓይኑ አገጯ ላይ ይቆያል።

የምርመራው ቀን አማቷ «ውጤቱን በጆሮዬ ልስማ» ብለው እያነከሱ ተከተሏት። እግራቸው ላይ ያለችው ቁስል አልድን ካለች ሰነበተች፤ እሳቸው «ጫማ ነው የበላኝ» ይላሉ።

ነርሷ የምራቲቱን ጣት ወጋች። «ስኳር የለብሽም። በየዓመቱ ግን እየመጣሽ ታዪ።»

ምራት እፎይ አለች። አማት ደግሞ ጣታቸውን ለነርሷ ዘረጉ። «አላልኩሽም? በይ ልጄ፣ እኔንም ውጊኝ፤ የጤነኛ ደም ምን እንደሚመስል ምራቴ ትይ።»

ነርሷ መሣሪያውን አየች። ሌላ ጣት ወጋች። ደግማ አየች።

«እማማ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። ስንት ልጅ አለዎት?»

«አንድ። እሱም ስንት ዓመት ተለምኖ!»

«በወጣትነትዎ የወር አበባዎ ይዛባ ነበር?»

አማት ምራታቸውን አየት አደረጉ። ሻርፑን አገጫቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ሲመለሱ ምራት ሱቅ ጎራ ብላ ሁለት ምላጭ ገዛች፤ አንዱን ከባሏ ሳሙና አጠገብ አስቀመጠች፣ ሌላውን በአማቷ ትራስ ሥር ከተተች።