ከታችኛው መሳቢያ የወጣ መለኪያ

ሴትየዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የስፖርት ዕቃ ሱቅ አላት። ደንበኛ ሲገባ ሦስት ነገር ሳትጠይቅ አትሸጥም፦ ለማን ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ ይሰለቻል። ዕቃ ልግዛ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ እንዴ ያላትም አለ። ይበል፤ ግድ የላትም። ሱቁን የከፈተችው የበኩር ልጇን ከቀበረች በኋላ ነው፤ የልቡን ምት ሳያውቅ የሚሮጥ የሰው ልጅ እንዳይኖር ብላ።

ልጁ የወደቀው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ደረቴን አመመኝ ብሎ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን ይኼ ስንፍና ነው፣ ሁለት ዙር ጨምር አለው። አንዱን ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ቀረ። ሰውዬው ለቅሶ እንኳ አልደረሰም፤ በወሩ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ ተባለ። እሷ ግን ከልጇ ቦርሳ ያገኘችውን የቡድኑን ፎቶ ይዛ የአሠልጣኙን ፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታጠና ኖራለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ በቤቷ የሩጫ ስም አይነሳም። የቀረቻት አንዲት ልጅ ሚሚ ናት፤ አሥራ አምስት ሞልቷታል። ዘንድሮ ከሰፈር ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ማጠናከሪያ አለኝ እያለች አምሽታ ትገባለች። እናቷም በልጅቷ ትጋት ደስ ይላታል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያ የፎቶው ፊት ደረጃውን ወጥቶ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

አርጅቷል። ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጁን ደረቱ ላይ ጣል አድርጎ ወንበር ለመናት። አወቀችው፤ እሱ አላወቃትም። የት አይቷት ያውቃታል?

የልብ ምት መለኪያ ለመግዛት ነው የመጣው፤ ግን ልግዛ አልግዛ ገና አልቆረጠም። ጓደኞቹ ብርህን አታቃጥል፣ ድሮ በምን እየለካን ሮጥን ብለውታል። ሐኪም ግን ሩጫው ይቻላል፣ የልብ ምት ከመቶ አርባ ካለፈ ወዲያው ማቆም ነው ብሏል። ከቤተሰብ የመጣ የልብ ሕመም ቢኖር መለኪያው ቀድሞ ያስጠነቅቅ እንደሆነም ጠየቃት።

አባቱም በልብ ሞቶ ይሆናል አለች በሆዷ። ዘራቸው ይድረቅ!

ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቱን ጥያቄዎች ትደረድርለት ነበር። ለዚህኛው ምላሷ አልታዘዘም። ውሃ ግን ቀድታ ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሲያበቃ እግዜር ይስጥልኝ አላት። ምግባረ ሰናይ መስሎ መቀመጡ ደግሞ አናደዳት።

ደህና ደህናዎቹ መለኪያዎች መደርደሪያው ላይ ነበሩ። እሷ ጎንበስ ብላ የታችኛውን መሳቢያ ሳበች። እዚያ አንድ ደንበኛ አማርሮ የመለሰው መለኪያ አለ፤ ልብ መቶ ስልሳ ሲመታ መቶ ሃያ ነው የሚል። ሦስት ጊዜ ራሷ ላይ ሞክራ አረጋግጣለች። ለአስመጪው ሊመለስ የተቀመጠ ነው። ደረት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶና ቁጥሩን የሚያሳየውን ሰዓት አውጥታ በጨርቅ ወለወለቻቸው።

«ይኼ ይሻልዎታል ጋሼ» አለች። ዘረጋችለት።

ገልበጥ አድርጎ አየውና ቀና አለ። «አይዋሽም አይደል እህቴ? የምተማመነው በሱ ብቻ ነው።»

«መሣሪያ ምን ቂም አለውና ይዋሻል?»

ሳቀ። አሁን ቆርጧል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው አሳጥሪልኝ አላት፤ አሳጠረችለት። ዕድሜ እንዲህ ያኮማትራል፣ እሰይ! ሐሳቡን እንዳይቀይር ብላ ዋጋውንም ቀነሰችለት። ልምምዱ ነገ ከሰዓት በኋላ እንደሚጀመር ነገራትና ዕቃውን በብብቱ ይዞ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ መረቃት።

«ልጆችሽን ያሳድግልሽ።»

«አሜን» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ማታ ልትጸልይ ቆማ አቃታት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ጸሎቱን ተወችውና ቂሙን ይዛ ተኛች። ጠዋት ሚሚ ዛሬም ማጠናከሪያ አለኝ ስትላት ጉንጯን ስማ ሸኘቻት። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ እንዲያ ቀሏት አታውቅም።

አሥር ሰዓት ሲሆን የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ ከግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊት ተቀመጠች። አሁን ጀመረ። አሁን መቶ አርባን አለፈ። አሁን ደረቱን ያዘ፤ ሰዓቱ ግን ምንም አልሆንክ፣ ቀጥል ይለዋል። ይቅመሳት! ደረቴን እያሉ ሰሚ ማጣት ምን እንደሚመስል እሱም ይየው። ነገ ወሬው ይሰማል፤ እሷም እንደሱ ለቅሶ አትደርስም።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። አነሳችው፤ ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ከጫጫታው መሐል የትናንቱ ድምፅ ወጣ።

«የሚሚ እናት ነዎት? አሠልጣኟ ነኝ፣ ቶሎ ይድረሱ… እኔ እኮ ከዓይኔ አልለየኋትም፣ መለኪያዋ አሁንም መቶ ሃያ ነው የሚለው።»