ምን አሳቃቸው?

ወረርሽኙ በደቡብ አፍሪካዋ ካትሌሆንግ ገበያውን ባቀዘቀዘበት ሰሞን፣ ባለሱቁ አቢሶ ከሰዓት በኋላውን የሚገፋው የእንግሊዞችን የድሮ የሬዲዮ ቀልድ እያዳመጠ ነበር። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም። በስቱዲዮው ያለው ሕዝብ በሳቀ ቁጥር የምትተረጉምለት ሚስቱ ኤርጎጌ ነበረች። አሁን ኮሮና ይዟት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተኝታለች። እንዳይጋባበት ሰግቶ በሩን ከውጭ ቆልፎባታል።

ሕዝቡ ሳቀ።

«ኤርጎጌ፣ ምን አሳቃቸው?» አለ በበሩ በኩል።

«ሚስትየዋ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ትለዋለች» አለች እያሳለች።

«እሱስ?»

«እሱማ እንደ አንተ ነው። ነገ ይላታል።»

«አይ አንቺ! እንዲህ ታመሽም ነገርሽን አትተዪም» ብሎ ሳቀና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ኋላ የኤርጎጌ ሳል ቆመ። ሕዝቡ ግን ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቅ ጀመር።

«አሁንስ ምን አሳቃቸው?»

አቢሶ ተነሥቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ።

«ኤርጎጌ?»

«ሚስትየዋ ሞተችበት» አለችው። ድምፅዋ የመጣው ግን ከኋላው፣ ከሬዲዮው ውስጥ ነበር።